ይማልና ይውሰድ

ጨዋነት ቤት ያፈርሳል ስል ሰዎች ለክርክር ያህል የምናገር ይመስላቸዋል። የለመደብኝ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እዚህ ላይ ግን የማወራው ስለ አንድ ቤት ነው፤ ቆርቆሮ፣ ግድግዳና የብረት በር ስላለው ቤት።

ቤቱ መካነ ሰላም ውስጥ ነው፤ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጡ በስተግራ። ያሠራችው እህቴ ናት። ሪያድ ውስጥ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ የሰው ሽማግሌ አገላብጣ፣ የሰው ምንጣፍ አጥባ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው ያቆመችው። ከባሏና ከልጇ ጋር በሁለቱ ክፍል ትኖር ነበር፤ የቀሩትን ለአስተማሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ታከራይ ነበር። ባሏ እህል ነጋዴ ነበር። ከደጎሎ ስንዴና ገብስ እየገዛ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ይልክ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር፤ ጥሩ ነጋዴ ግን አልነበረም። ያትርፍ ይክሰር ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። በዚያ ቤት በርግጠኝነት የሚገባው ገንዘብ ኪራዩ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጆንያ ሲያስጭን ደረቱን ይዞ መኪናው ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ከዚያ አልተነሳም።

በኛ አገር ሟች አፈር ከለበሰ በኋላ፣ ሕዝቡ ከመበተኑ በፊት አንድ ሽማግሌ ይቆማሉ። ሟች ተበድሮ ያልመለሰው፣ አደራ ተቀብሎ ያላደረሰው እንዳለ ባለሐቁ ይናገር ይላሉ። ከዚያ ከቤተሰቡ አንዱ «ተጠያቂው እኔ ነኝ» ይላል። ዕዳ ያለበት ሰው ነፍሱ ተንጠልጥላ ትቆያለች ተብሎ ስለሚታመን፣ የወንድሜ ነፍስ ተንጠልጥላ ትቅር የሚል ሰው የለም። ደግሞስ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ? መቃብር ላይ ሁሉም ለጋስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሰዉ «አውፍ ብለናል» ይላል፤ ይቅር ብለናል ማለት ነው። የሱቁ የስኳርና የሳሙና ዱቤ በሰሞኑ ይከፈላል፤ በቃ።

ሴቶች ቀብር ስለማይወጡ እህቴ ቤት ቀርታ ነበር፤ ቃሏን ግን በሽማግሌው ላከች። እሳቸውም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «ባለቤቱ እንዲህ ብላለች» አሉ። «በሱ ላይ ያለ ሐቅ ሁሉ በኔ ላይ ነው። ማንም ሰው ሐቁ እንዳይቀርበት።»

ሕዝቡ በአድናቆት አጉረመረመ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ «ሴት እንዲህ ናት እንጂ» አለኝ። እኔ በሆዴ «የዋስትናው መጠን ስንት ነው?» እያልኩ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ለቀብር አልመችም።

ቃሬዛውን ከፊት በኩል ተሸክመው ከመጡት አንዱ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴ ነው። መካ ደርሶ ስለተመለሰ ሁሉም ሐጂ ይለዋል። ሲያለቅስ ያምርበታል። ሰደቃውንም በላ፤ ዱዓው ላይ ከሁሉ ጮክ ብሎ አሚን አለ። የአርባው ሰደቃ ካለፈ በኋላ፣ ሳህኖቹ ለየባለቤታቸው ተመልሰው ሲያልቁ፣ መጣ።

ለባሏ እህል መግዣ የሚሆን ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አበድሬው ነበር አላት። የጠራው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ ትንሽ ብቻ የሚያንስ ነበር። ወረቀት አለህ ወይ ብላ አልጠየቀችውም፤ እሱ ራሱ ቀድሞ ነገራት። በሱና በባሏ መካከል ወረቀት ነውር ነው፣ እንደ ወንድማማች ነበርን አለ። ይህንን ክርክር ከዚያ በፊትም ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። መጻፍ ነውር፣ መካሰስ ግን ነውር ያልሆነበት አገር ነው ያለነው።

እህቴ አላመነችም፤ አልካደችም። ከኪራዩ እየቆጠብኩ ቀስ እያልኩ ልክፈል አለች። ሰውዬው ቤቱ ካለ ቀስ ማለት ለምን አስፈለገ አላት። ያን ጊዜ ወደኔ መጣች። አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪው አልኳት። እሷ የምትጠይቀኝ ግን ሌላ ነበር።

«እውነቱን ቢሆንስ?»

«እውነቱን ከሆነ ወረቀት ይጽፍ ነበር።»

«አንተ ለኔ ስታበድረኝ ወረቀት ጽፈህ ታውቃለህ?»

አልጽፍም። ግን እኔ ሲሚንቶ ነጋዴ አይደለሁም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሁለቱንም ወገን አመሰገኑ፤ ምሳ በሉ፤ ተነሱ። በወሩ መጥሪያው መጣ።

መጥሪያውን ያመጣው የፍርድ ቤት ተላላኪ ትሁት ልጅ ነው። በሩን ሲያንኳኳ ግቢው ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች እንዳትቀበዪ፣ እንዳትነኪው፣ ካልፈረምሽ ክስ የለም እያሉ እንደ ዶሮ ከበቧት። ወረቀት ካልነኩት አይነክስም የሚል እምነት በሰፈሩ ሁሉ ጽኑ ነው። አንዲቱማ የለችም በሉት ብላ እህቴን ወደ ጓዳ መግፋት ጀምራ ነበር። ልጁ በሩ ላይ ለጥፎት ቢሄድ ኖሮ በሌለችበት ይፈረድባት እንደነበር ያን ቀን የነገራቸው የለም። እህቴ ራሷ ወጥታ ተቀበለች፤ ፈረመች። ሰው በር ላይ ማቆም ደስ አይለኝም አለች። ቤቷን ለጥቂት ወራት ያተረፈላት ይህ ነው፤ ሕግ ማወቋ ሳይሆን እንግዳ ማክበሯ።

ጠበቃ አልያዝንም። በከተማው የሚታወቀውን ጠበቃ ሰውዬው ይዞታል። ደሴ ያሉት የጠየቁት ክፍያ ያስፈራል። ከዚህም በላይ እኔ አያስፈልግም አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ አስተማሪም የነበርኩ፣ አንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልብጬ ማንበብ ያቅተኛል? አላቃተኝም። እንዲያውም ወደድኩት። ከብዙ ልብ ወለድ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሕጉ ከተወሰነች ትንሽ ገንዘብ ያለፈ ብድር በምስክር አይረጋገጥም ይላል። ወይ በጽሑፍ፣ ወይ ተከሳሹ ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጠው የእምነት ቃል፣ ወይ በመሐላ። ጽሑፍ የለም። እምነት አንሰጥም። መሐላ የሚለውን ሳነብ አባቶቻችን ለጌጥ ያስገቡት መሰለኝ። ዋስትናም መጠኑ ካልተገለጸ አይጸናም፤ መቃብር ላይ «ሐቅ ሁሉ በኔ ላይ ነው» ማለት መጠን አይደለም። ቤቱም የሟች ውርስ አይደለም፤ ከጋብቻ በፊት በራሷ ላብ የገዛችው ቦታ ላይ በራሷ ገንዘብ ያቆመችው ነው። ይህን ሁሉ በቁጥር በቁጥር ጻፍኩ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ጽሑፎች ሁሉ አንድም የሚወጣ ቃል የሌለበት ያ ነው።

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አስተየብነው። እህቴ ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እስከ መጨረሻው አነበበች። ጣቷን ከፊርማው ቦታ በላይ ባለው መስመር ላይ አቆመች።

«ይኼ ምን ማለት ነው?»

«የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ማለት ነው። መልስ ሁሉ ላይ ይጻፋል።»

«አላበደረውም የሚለውም ይገባበታል?»

«ይገባበታል።»

«እኔ ግን አላውቅም።»

በግልጽ ያልካድሽው ነገር እንዳመንሽ ይቆጠርብሻል፣ ሕጉ እንዲህ ነው አልኳት። ልማድ ነው፣ ማንም አያየውም አልኳት። የምትተይበው ልጅ ለማገዝ ብላ «እትዬ፣ ሁሉም ነው የሚፈርመው» አለቻት። ፈረመች። ከዚያ ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ስለ ክሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ያሸነፍን ስለመሰለኝ ዝምታዋን እረፍት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ውክልና ስጪኝና እኔ ልቁም ብያት ነበር፤ ወንድም ለእህቱ መቆም ይችላል። እምቢ አለች። የባሌን ነገር እኔው ልናገር አለች። ስለዚህ እኔ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የሰውዬው ምስክሮች ከፊቴ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ቀብር ላይ የነበሩ፣ ሰደቃዋን የበሉ። ቃሏን ለሕዝቡ ያደረሱት ሽማግሌም አሉበት። ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። «የሰማኸውን ተናገር ካሉኝ ምን ላድርግ» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው የሰሙትን ከመናገር በቀር ሥራ የላቸውም።

ዳኛዋ ወጣት ናት። የጻፍኩትን መልስ በጥሞና አንብባው ነበር፤ ከአጠያየቋ ታወቀኝ። የከሳሹን ጠበቃ ብድሩን የሚያሳይ ጽሑፍ አላችሁ ወይ አለችው። ጠበቃው መዝገቡን ወደፊት ገለበጠ፤ ወደኋላ ገለበጠ። ምስክር አለን አለ። ምስክር ለዚህ አይበቃም አለችው። ሌላ ነገር ጀመረ፤ አቋረጠችው። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ ከኋላ ሆኜ አየሁ። የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም፤ ሰው ሲዋረድ ማየት ከመጽሐፍ የማይገኝ ደስታ አለው። ሐጂም ፊቱ ጠቆረ።

ከዚያ ዳኛዋ ወደ እህቴ ዞረች።

«በመልስዎ ብድር የለም ብለው ክደዋል። ዛሬም ቃልዎ ይኸው ነው?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። አንድ ቃል። እህቴ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ ሲበደር አላየሁም። አለመበደሩንም አላውቅም። ያን ወረቀት ፈርሜ እንቅልፍ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

«ይማልና ይውሰድ።»

ይህ ነገር በኛ አገር ፍርድ ቤት ሳይኖርም የነበረ ነው። ከሳሽ ማስረጃ ሲያጣ፣ የተከሳሽም ልብ ሲያመነታ፣ ተከሳሹ መሐላውን አንሥቶ ለከሳሹ ይሰጠዋል። በሐሰት የማለ ሰው ዘሩ አይበረክትም፣ ገንዘቡ ይተናል፣ አካሉ ይደርቃል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ እውነት የያዘ ሰው እንኳ መማል ፈርቶ ግማሹን ተቀብሎ ሲታረቅ በልጅነቴ አይቻለሁ። ውሸታም ደግሞ ያን ቃል ሲሰማ ፈረሱን አዙሮ ይሄዳል። ሥርዓቱ የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገን ሲፈራ ነው። እህቴ ራሷ ስለምትፈራ ሌላውም የሚፈራ መሰላት። ቤቷን በአንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ፍርሃት ላይ አስቀመጠችው።

ተነሥቼ ቆምኩ። ዳኛዋ ተቀመጡ አለችኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ለእህቴ ረጋ ብላ አስረዳቻት፤ በዳኛዋ አልፈርድም፣ ማድረግ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች። ሰውዬው ከማለ ሌላ ክርክር አይኖርም፣ ጽሑፍ የለም ያሉትም ይቀራል፣ ገብቶዎታል ወይ አለቻት። እህቴ ገብቶኛል አለች። ተጻፈ። ፈረመች።

ዳኛዋ ከሳሹን ይምላሉ ወይ አለችው። ሐጂ ወደ ምስክሮቹ አየ፤ ወደ ጠበቃው አየ። ጠበቃው ጣራውን እያየ ነበር።

«ውዱእ ላድርግ» አለ።

ተፈቀደለት። ከሕንጻው ጀርባ ቧንቧ አለ፤ ሊታጠብ ወደዚያ ወጣ። ስንጠብቅ ቆየን። ከፊቴ ያለው ምስክር ለጎረቤቱ «ሄደ» ሲለው ሰማሁ፤ ሌላው «ዝም በል» አለው። እህቴ ወደኋላ ዞር ብላ አየችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፊቷ እንዲያ በርቶ አላየሁትም።

«አይመለስም» አለችኝ፤ በሹክሹክታ።

እኔም፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ሰውዬ፣ በዚያች ቅጽበት አመንኳት። የማያምን ሰው በሌላ ሰው እምነት ሲደሰት ምን እንደሚመስል አውቄያለሁ። ቂል ይመስላል።

ተመለሰ። እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቦ፣ ከጢሙ ውሃ እየተንጠባጠበ። ቁርኣኑን ተቀበለ። «ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ተላሂ» አለ፤ ገንዘቡን ጠራ፤ የሟቹን ስም ከነአባቱ ጠራ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከዚያ ሐጂ እጅጌውን ወደ ታች መልሶ ቁልፉን ቆለፈ። ማየት ያቃተኝ ነገር ቢኖር ያን ቁልፍ ሲቆልፍ ነው።

የቀረው የአፈጻጸም ጉዳይ ነው። ቤቱ በሐራጅ ከመሸጡ በፊት እህቴ ራሷ ሸጠችው፤ ልጆቻቸው ኩዌት ያሉ ቤተሰቦች ገዙት። ገንዘቡን በሽማግሌዎች ፊት ለሐጂ ቆጥራ ሰጠችው። ከዚያ ለባሏ ብላ የፈለገችውን ብቸኛ ነገር ጠየቀችው።

«አሁን አውፍ በሉት።»

ሐጂ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጠበቃው ወጪ አለ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አዩ። እህቴ የእጇን ወርቅ አወለቀች፤ ሪያድ የገዛችውን። ሐጂ መዘነው፤ ማለት በመዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገው። ኪሱ አስገባና «አውፍ ብያለሁ፣ አላህ ይማረው» አለ። ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ። እኔ ደረሰኝ እንዲሰጣት ጠየቅሁ፤ ሁሉም በነውሬ አፈሩ።

ከዚያ በኋላ ተጣላን፤ ማለት እኔ ተጣላሁ። ቤትሽን ለምን ሰጠሽው፣ አዎ ብትዪ ምን ነበረበት አልኳት። እሷ የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር። እውነቱን ከማለ ባሌ ነፃ ወጥቷል፤ በሐሰት ከማለ ዕዳው ወደሱ ዞሯል፤ በሁለቱም በኩል ባሌ ነፃ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው ከሒሳቡ ውጭ፤ ከነልጇ እኔ ሳሎን ፍራሽ ላይ የምትተኛው። ይህንንም ነገርኳት። አለመናገር እችል ነበር።

ከሽያጩ የተረፈችውን ትንሽ ገንዘብ ለጉዞ አስፈጻሚ ሰጥታ ተመልሳ ሄደች። ዕድሜዋ ለዚያ ሥራ አልፏል፤ ፓስፖርቷ ላይ ግን አላለፈም። አሁን ጅዳ አንዲት አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ታገላብጣለች። ልጅቷ ከኔ ጋር ናት። ትማራለች፤ ስለ ቤቱ አታነሳም፤ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ግን ወደ ትምህርት ቤት ዞራ ትሄዳለች።

እህቴ ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። መጀመሪያ ልጇን ታናግራለች። ከዚያ እኔን ትጠይቀኛለች፤ ዝናቡ፣ የእህል ዋጋ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ሁልጊዜ ታመነታለች።

«ሐጂስ? ደህና ነው?»

መጀመሪያ ላይ የምትጠብቀው የመሐላውን መዓት መሰለኝ፤ የምነግራት መዓት ባገኝም ደስ ባለኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሰውዬው ከታመመ፣ ሱቁ ከተቃጠለ፣ ልጁ ከሞተ፣ በሐሰት ምሏል ማለት ነው። በሐሰት ከማለ ባሏ አልተበደረም ማለት ነው። ካልተበደረ ቤቷን የሰጠችው ለከንቱ ነው፤ አሮጊቷንም የምታገላብጠው ለከንቱ። ለእህቴ ሰላም የሚሰጣት ሐጂ ከነሀብቱ ከነጤናው ሲኖር ብቻ ነው።

ሐጂ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቷል። ወፍሯል። ሰሞኑን ግን ደሴ ሆስፒታል እየተመላለሰ ነው፤ ስኳር ነው ይላሉ፤ አንድ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሱቁ በር ላይ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አያለሁ። ከተማው ስለ መሐላው ማውራት ጀምሯል። እኔ ስኳር ምን እንደሚያደርግ አንብቤ አውቃለሁ፤ ከቅባትና ከመቀመጥ ይመጣል እንጂ ቁርኣን አያስፈልገውም። ይህን ግን ለሷ በስልክ ማስረዳት አልችልም።

ባለፈው ጁምዓ ጠየቀችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ አሮጊቷ ስትጣራ ተሰማኝ፤ እህቴም በዓረብኛ መጣሁ አለችና ዘጋች።